ሃሞክ ላይ ሞቆ ማደር፦ ስፖንጅ፣ ፎደራ እና ከመነዳሪ

ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ከላዩ ጋቢ፣ ከጋቢው በላይ ጃኬት። ይህን ሁሉ ደርቦ በኅዳር ወር መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ሃሞክ (በሁለት ዛፎች መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ) ላይ የተኛ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወገቡና ትከሻው ደንዝዞ ይነቃል። ሌላ ልብስ ይደርባል፤ ለውጥ የለም። ቤቱ ሲመለስ የባሰ ውድ ስሊፒንግ ባግ ያፈላልጋል፤ እሱም አያድነውም። ብርዱ የገባው ከላይ ሳይሆን ከጀርባ ነዋ!

ሙቀት የሚይዝልን ጨርቁ ራሱ አይደለም፤ ጨርቁ ውስጥ ታምቆ የቆመው አየር ነው። ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ገብታችሁ ስትተኙ ከሥራችሁ ያለው ሙሌት በክብደታችሁ ይጨፈለቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ በእናንተና በውጪው መሃል የሚቀረው ሁለት ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። መሬት ላይ ብትሆኑ መሬቱ ቢያንስ ነፋስ አያሳልፍም። ሃሞክ ግን ሥሩ ባዶ ነው። ሰውነታችሁ ያሞቀውን አየር ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ እየጠረገ ይወስደዋል። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ሃሞክ ላይ ያሸለበ ሰው ጀርባው የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ከሃሞኩ ውጪ፣ ከሥሩ የሚንጠለጠል መከላከያ ነው። ውጪ ስለሆነ አትጨፈልቁትም፤ አየሩን እንደያዘ ይቆያል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅበታል፦ ወፈር ማለት፣ እና በእሱና በሃሞኩ መሃል ክፍተት ሳይተው መለጠፍ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። 5 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ሆኖ አንድ ጎኑ የተከፈተ መከላከያ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በደንብ ከተለጠፈው ያነሰ ያሞቃል። ውጪ አገር ተሠርቶ የሚሸጠው ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እዚሁ ከሚገኝ ዕቃ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚፈጅ ሥራ ተመሳሳዩን መሥራት ይቻላል።

ለምን ያህል ብርድ?

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከተማው 8 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት፣ 3,000 ሜትር ያለፈው የባሌው ዲንሾ ላይ 3 ዲግሪ ጠብቁ። ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ክረምት ላይ ደመናው ስለሚሸፍነው ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም፤ የክረምቱ ጠላት እርጥበት ነው።

ሃሞክ ዛፍ ይፈልጋል። ጽድና ዝግባ ያለበት፣ ለምሳሌ ወፍ ዋሻ ወይም መናገሻ፣ ምቹ ነው። ዲንሾ አካባቢ ኮሶና ጽድ አለ፤ የኮሶ ቅርፊት ስለሚላጥ ሰፊ ማሰሪያ ተጠቀሙ። የሳነቴ ጅብራ ቁመቱ ያታልል ይሆናል እንጂ ሰው አይሸከምም፤ እዚያ ድንኳን ያዙ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ግንዱ ከ15 ሳንቲ ሜትር የቀጠነ ከሆነ ይጎብጣል። የደረቀ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር ግን የዛፉ ዓይነት ምንም ይሁን ምን አትተኙ።

አሰቃቀሉ ካልተስተካከለ መከላከያውም አይለጠፍም

ሃሞኩ እንደ ክር ተወጥሮ ከተሰቀለ ጎኖቹ ትከሻችሁን ይጨምቃሉ፣ የታችኛው መከላከያም በጎን በኩል ይከፈታል። ቺንጋው ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ያዘንብል። መለኪያ አያስፈልግም፦ ከሃሞኩ ጫፍ እስከ ዛፉ ያለው አግድም ርቀት 1 ሜትር ከሆነ፣ ዛፉ ላይ የሚታሰርበት ቦታ ከጫፉ 58 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ግማሽ ሜትር ከሆነ 29። በዚህ ማዘንበል 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ ቺንጋ ላይ የሚያሳርፈው ጉተታ 70 ኪሎ ነው። ወጥራችሁ ወደ 10 ዲግሪ ብታወርዱት ጉተታው 200 ኪሎ ይሆናል። ገመድ የሚበጠሰው፣ ዛፍ የሚቆስለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይለጠጥ ሲባጎ እሰሩ፤ ርዝመቱ የሃሞኩን 83 በመቶ ያህል ይሁን። ለ3.3 ሜትር ሃሞክ 2.75 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሲባጎ ዛፎቹ ቢቀራረቡም ቢራራቁም የሃሞኩን የመርገብ መጠን አንድ ዓይነት ያደርገዋል። መከላከያችሁን አንድ ጊዜ ካስተካከላችሁት ደግሞ በየቦታው እንደገና ከመለካት ያድናችኋል። ሃሞኩ ውስጥ ሰያፍ ተኙ፤ ጭንቅላት ወደ ግራ፣ እግር ወደ ቀኝ፣ ወይም እንዳመቻችሁ። ሰያፍ ሲተኙ ጀርባ ይዘረጋል።

ማሰሪያው 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፖሊስተር ቺንጋ ይሁን። የናይለን ገመድ ሌሊት ይለጠጣል፤ ማታ ወንበር ከፍታ ላይ ተኝታችሁ ጠዋት መሬት ልትነኩ ነው።

የስፖንጁ መከላከያ

ከሞከርናቸው ሁሉ ለዋጋው ይህን የሚያህል የለም። ስፖንጅ መሬት ላይ ሲተኙበት ተጨፍልቆ ዋጋ ያጣል፤ ተንጠልጥሎ ሲሆን ግን ምንም ክብደት ስለማያርፍበት ሙሉ ውፍረቱን እንደያዘ ያድራል።

ስፖንጅ የሚቆርጡ ሱቆች ጋ ሂዱና 1 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አስቆርጡ። ሻጩ «ጠንካራውን ውሰድ፣ አይሞትም» ይላችኋል። ለሶፋ እውነቱን ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ለስላሳውንና ቀላሉን ውሰዱ። ጠንካራው ትርፉ ሸክም ነው። ቀላሉ በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 600 ግራም አካባቢ ይመዝናል። የሙቀት ደረጃውን በግምት እንዲህ ያዙት፦ 2 ሳንቲ ሜትር እስከ 9 ወይም 10 ዲግሪ፣ 3 ሳንቲ ሜትር እስከ 5 ዲግሪ፣ ሁለት ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ተደራርበው እስከ 1 ወይም 2 ዲግሪ። ብርድ የማይችል ሰው በእያንዳንዱ ላይ 3 ዲግሪ ይጨምር። ውፍረት ሲጨምር ጥቅሉም ያብጣል፤ ባለ 2 ሳንቲ ሜትሩ ሳይጠቀለል 30 ሊትር ቦታ ይይዛል። ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ በሁለት ቺንጋ ብታስሩት ግማሹን ያህል ይሆናል። ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ከውጪ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ይታሰራል።

ቀጥሎ 2.2 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ወርድ ያለው ፎደራ ያስፈልጋል፤ ስስና ቀላል የሆነውን የኮት ገበር ማለታችን ነው። 8 ሜትር ቀጭን ሲባጎ፣ አንድ ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ትንሽ ማስቲሽ። ከመነዳሪውን ጎማ የሚጠግኑ ልጆች ጋ በነፃ ወይም በሻይ ዋጋ ታገኙታላችሁ።

አቆራረጡ። ስፖንጁ ከአንገት እስከ ጉልበት በታች ይሸፍናል። የትከሻው ወገን 1 ሜትር ሙሉውን ይቆይ፤ ከወገብ ጀምሮ እያጠበባችሁ በእግር በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርሱት። ከዚያ በሁለቱም አጭር ጫፎች ላይ ሁለት ሁለት ሦስት ማዕዘን ቅዳችሁ አውጡ፤ አፋቸው 6 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 25። የተቀደደውን ጎንና ጎን በማስቲሽ ቀቡ፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ግጠሙት። ጠፍጣፋው ስፖንጅ አሁን የታንኳ ቅርጽ ይይዛል። ይህን ደረጃ ሰነፍ ይዘለዋል። ጠፍጣፋ ስፖንጅ ከሃሞክ ሥር ሲታጠፍ ጫፎቹ ላይ ስለሚጨማደድ፣ በየጭምዳጁ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። አጣብቃችሁ ስትጨርሱ የማስቲሹ ሽታ እስኪጠፋ አንድ ቀን ውጪ ይደር።

ስፌቱ። የፎደራውን አራቱንም ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ሲባጎ እንዲያልፍበት አሰፉት፤ ቤት ውስጥ መኪና ከሌለ መንገድ ዳር ያለ ልብስ ሰፊ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። በረጅሞቹ ጎኖች ሲባጎ አሳልፉና 220 የነበረውን ጎን ወደ 190 ሳንቲ ሜትር ሰብስቡት። ጎኑ ሲያጥር መሃሉ ይጎደጉዳል፤ የምንፈልገው ይህንን ነው። በአጫጭሮቹ ጎኖችም ሲባጎ ይግባ፤ እሱ ማታ ማታ የሚሸመቅቅ የአፍ ማሰሪያ ነው። ከፎደራው ውስጠኛ ገጽ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የጨርቅ መቀነቶች በወርዱ አሰፉ። ስፖንጁ በእነዚህ ሥር ይሾልካል፤ እነሱ ከሌሉ ሌሊት ስትገላበጡ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ተንሸራቶ ይከማቻል። ስፖንጁን ራሱን በቀጥታ በሲባጎ አትሰሩት፤ ክሩ እንደ ቢላ ይቆርጠዋል።

ከመነዳሪውን በቁመቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት እያደረጋችሁ በመቀስ ቁረጡ። 40 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ አራት ቁራጮች ይበቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ። አንዱ ጫፍ ከፎደራው ማዕዘን ሲባጎ ጋር፣ ሌላው ሃሞኩና ቺንጋው ከሚገናኙበት ቦታ ጋር ይታሰራል። ላስቲክ መሆን ያለበት ስትተኙ ሃሞኩ ስለሚወርድና መከላከያው አብሮ መውረድ ስላለበት ነው። በማይለጠጥ ገመድ ብታስሩት ወይ ስትገቡ ይቀደዳል፣ ወይ ተጨፍልቆ አየሩን ያጣል። ከመነዳሪ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጣጠቃል፤ ከጉዞ በፊት ሳብ ሳብ አድርጋችሁ እዩት፤ ትርፍ ሁለት ቁራጭ መያዝም አይከፋም።

ማስተካከል

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ባዶውን ሃሞክ እያያችሁ መከላከያውን ብታስተካክሉ ትክክል አይመጣም፤ ሰው ሲገባበት የሃሞኩ ቅርጽ ሌላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ይተኛ፣ ሌላው ከውጪ ያስተካክል። የተኛው ሰው ሌሊት በሚያድርበት ሰያፍ ይሁን፤ መከላከያውም በዚያው ሰያፍ ይዙር፦ የትከሻው ወገን ትከሻው ወዳለበት፣ ጠባቡ እግሩ ወዳለበት።

ከዚያ ከውጪ ያለው ሰው እጁን በሃሞኩና በስፖንጁ መሃል ያስገባ። እጁ ሃሞኩንም ስፖንጁንም እየነካ ሳይጨናነቅ ካለፈ ልክ ነው። ቡጢ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ከመነዳሪውን በሁለት ጣት ያህል አሳጥሩ። ጣት እንኳ በግድ የሚገባ ከሆነና ስፖንጁ ጠፍጥፎ የሚታይ ከሆነ አላሉ። ብዙ ጊዜ ክፍተት የሚገኘው ወገብ ሥር ሳይሆን ትከሻ ጎን ላይና ጉልበት ሥር ነው፤ እነዚያን ቦታዎች በተለይ ዳብሱ። ማታ ከሆነ የስልክ መብራት በአንድ ጎን ይብራ፣ በሌላው ጎን እዩ፤ ብርሃን የሚያልፍበት ሁሉ ነፋስም ያልፍበታል። በመጨረሻ የሁለቱን ጫፎች ሸምቀቆ ሳቡ። አፉ ክፍት የሆነ መከላከያ ሲገላበጡ እንደ ወናፍ ሞቃቱን አየር ያስወጣል።

ይህ ሁሉ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ይሞከር። ብርድ ሲሰማችሁ ቤት ገብታችሁ መተኛት በምትችሉበት ቦታ ማለታችን ነው።

እግር ከስፖንጁ ውጪ ነው የሚቀረው። እዚያ ብዙ ክብደት ስለማያርፍ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የስፖንጅ ቁራጭ ሃሞኩ ውስጥ፣ ከተረከዝ ሥር ማስቀመጥ ይበቃል።

ላብ የት ይሄዳል?

ተኝተን ሳለ ከቆዳችን ሳናውቀው እርጥበት ይወጣል። ያ እርጥበት በስፖንጁ አልፎ ቀዝቃዛው የውጪ ገጽ ጋ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ነፋስ ለመከላከል ብለው ስፖንጁን ከውጪ በፕላስቲክ የሚሸፍኑ ሰዎች ጠዋት የሚያገኙት የተነከረ ስፖንጅ ነው፤ በሁለተኛው ሌሊት ያ ስፖንጅ ብርድ እንጂ ሙቀት አይሰጥም።

ፕላስቲክ ካስፈለገ ቦታው በተቃራኒው ነው፦ በሃሞኩና በስፖንጁ መሃል፣ ሰውነት በሚያሞቀው ወገን። እዚያ ገጹ ስለሚሞቅ እርጥበቱ ውሃ አይሆንም፣ ወደ ስፖንጁም አይዘልቅም፣ ነፋስም ይቆማል። አንድ ስስ ሰፊ ፌስታል ተተርትሮ ሲዘረጋ ይበቃል። ጀርባችሁ ትንሽ ወዛም ይላል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን አይታወቃችሁም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አውጡት። ከውጪ የሚነፍሰውን ግን ፎደራው ራሱ ይገታዋል።

ስፖንጅ ካልፈለጋችሁ

ጥቅሉ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቀጣዩ ምርጫ የፋይበር ብርድ ልብስ ነው፤ ኮምፈርት የምንለው። ሥራው ተመሳሳይ ነው፦ ወደ 120 በ190 ሳንቲ ሜትር ማሳጠር፣ በጠርዙ ሲባጎ ማሳለፍ፣ በከመነዳሪ ማንጠልጠል። ፎደራ አያስፈልገውም። ሰልባጅ ውስጥ ያረጀ ኮምፈርት በርካሽ ይገኛል፤ ስትገዙ አጥፋችሁ ጨብጡትና ልቀቁት፣ ወዲያው ካላበጠ ሙሌቱ ሞቷል፣ ተዉት። አዲስ ለማሠራት ካሰባችሁ በሉህ የሚሸጠውን ፋይበር ፈልጉ። የትራሱ ልቅ ፋይበር በየመሃሉ ካልተሰፋ በሁለተኛው ጉዞ ጥግ ላይ ይጓጉላል፣ መሃሉ ባዶ ይቀራል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ክሊማሺልድ አፔክስ የሚባለውን ፋይበር በሜትር አስመጡ። በካሬ ሜትር 170 ግራም የሆነው እስከ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያገለግላል፤ 85 ግራሙ እስከ 10 ዲግሪ። ለ120 በ190 መከላከያ 400 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ልቅ ስላልሆነም ጠርዙን ብቻ መስፋት ይበቃል። እዚያው አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ የወታደር ትርፍ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የፖንቾ ገበር ማዕዘኖቹ ላይ ማሰሪያ ተሰፍቶለት ስለሚመጣ ከመነዳሪውን ማሰር ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ቀጭን ነው፤ ቨርጂኒያ ላለው ለሸናንዶዋ ፓርክ የበጋ ሌሊት ይሆናል፣ ለጥቅምቱ ግን አይበቃም።

ሃሞኩ ውስጥ ፍራሽ ማንጠፍስ? ይቻላል፤ የማይጨፈለቀው ዓይነት ፎም ከሆነ። ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካምፒንግ ምንጣፍ ነፋስም ውሃም አያሳልፍም። ችግሩ ወርዱ ነው፤ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ለመሬት ይበቃል፤ ሃሞክ ግን ጎኑን ወደ ላይ ጠቅልሎ ትከሻችሁን ያቅፋል፣ ትከሻም ከምንጣፉ ውጪ ይቀራል። መፍትሔው 50 በ100 የሆነ ሁለተኛ ቁራጭ ትከሻ ላይ በአግድም ማንጠፍ ነው። ይንሸራተታል፤ ባለ ሁለት ድርብ ሃሞክ ካላችሁ በድርቦቹ መሃል አስገቡት። የዮጋ ምንጣፍ ከባድና ስስ ነው፤ አይመከርም። መንገድ ላይ የሚሸጠው ብርማ የመኪና መስታወት መከላከያ እስከ 15 ዲግሪ ያህል ይረዳል፣ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ለሚያድር ይበቃዋል፤ ደጋ ላይ ግን ብቻውን አይቆምም። ብርማነቱ የሚሠራው ፊት ለፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ነው፤ ሰው ሲተኛበት የሚቀረው የውስጡ አረፋ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚረክሰው ጭድ ነው። ያንኑ ፎደራ ያለ ስፖንጅ አንጠልጥላችሁ በደረቅ ጭድ ሙሉት፤ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ልቅ ሆኖ ይቀመጥ። የሞቀ እንቅልፍ ይሰጣል። ጣጣው ሌላ ነው፦ ይኮሰኩሳል፣ እርጥበት ይስባል፣ ቁንጫና መዥገር ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ እሳት አጠገብ ደግሞ አደጋ ነው። ጭዱን ከአካባቢው ገበሬ ግዙ፤ ከጥብቅ ደን ሣር እያጨዱ መሙላት ነውርም ክልክልም ነው።

ጋቢና ቡሉኮን በተመለከተ፦ ከላይ ለመልበስ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ጥሩ ናቸው። ጥጥ ስለሆኑ ግን ጤዛ ይጠጣሉ፣ ቶሎም አይደርቁም፤ ከሃሞክ ሥር ማንጠልጠል ይቅር። ሱፍ የተሻለ ነው፤ የመንዝ ባና ቢረጥብ እንኳ ጨርሶ አይከዳም፣ ክብደቱን ከቻላችሁት።

ነፋስ፣ ሸራ፣ ቦታ

ጥሩ መከላከያ ያለው ሰው በመጥፎ ቦታ ምክንያት ሊበርደው ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ ሜዳውም ላይ ይተኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ረባዳውን ማሳ ሲመታ ተዳፋቱ ላይ ያለው የሚተርፈው በዚህ ነው። እናንተም ከወንዙ ዳር ራቁ፣ ጫፍ ላይም አትውጡ፣ ከሸለቆው ጥቂት ከፍ ያለ ተዳፋት ላይ ስቀሉ።

ሸራ ለዝናብ ብቻ አይደለም። ጥርት ባለ ሌሊት የሰውነት ሙቀት በቀጥታ ወደ ሰማይ ይተናል፤ ሸራው ይህንን ይቆርጣል፣ ጤዛውንም ይቀበላል። 3 በ3 ሜትር የሆነ ይበቃል። ሃሞኩን ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጎን ሰጥታችሁ ስቀሉ፤ በነፋሱ ወገን የሸራው ጠርዝ መሬት እስኪነካ ድረስ በችካል ይወጠር፣ በሌላው ወገን ክፍት ይሁን።

ሸራው ሥር ግን ከሰል አታስገቡ። ምድጃው ከሩቅ ያለ ቢመስልም፣ ፍሙ ያለቀ ቢመስልም። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ጭስም ሽታም የለውም፤ በየዓመቱ ብርድ ሸሽተው ቤት ውስጥ ከሰል ይዘው የተኙ ሰዎች ሞት የምንሰማው በእሱ ነው።

ሙቀት ከፈለጋችሁ ውሃ አፍሉ። አንድ ሊትር የ80 ዲግሪ ውሃ በጭን መሃል ሲታቀፍ እስከ ሰውነት ሙቀት ሲወርድ 180 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል፤ በስምንት ሰዓት ብታካፍሉት 6 ዋት ነው። የተኛ ሰው ራሱ ከ70 እስከ 80 ዋት ስለሚያመነጭ፣ የውሃው ጥቅም የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሰዓት ማስጀመር እንጂ ሌሊቱን መሸፈን አይደለም። የታሸገ ውሃ የሚሸጥበት የፕላስቲክ ጠርሙስ በፈላ ውሃ ይኮማተራል፣ ይፈሳልም፤ የብረት ኮዳ ያዙ፣ ካልሲ አልብሱት። የሰውነታችሁን ምድጃ ግን በአግባቡ አቀጣጥሉ፦ 70 ዋቷን የምታመነጩት ከበላችሁ ነው። ከመተኛት በፊት ሁለት ጉርሻ ጭኮ ከሦስተኛ ጃኬት ይሻላል። ሽንትም ከመግባታችሁ በፊት ሽኑ፤ ሌሊት ከሞቀው ሃሞክ መውጣት የሚያስከትለው ብርድ ቀላል አይደለም።

ስሊፒንግ ባጋችሁን ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ዘርግታችሁ፣ እግር በኩል ብቻ ዚፑን ዘግታችሁ ተኙ። ከሥር ሲገባ የሚጨፈለቀው ግማሹ ሙሌት ያኔ ከላይ ይሆናል። ጭንቅላታችሁን አስገብታችሁ ውስጥ አትተንፍሱ፤ ትንፋሽ ሙሌቱን ያረጥባል። ኮፍያ ይበቃል።

ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ስፖንጁን ከፎደራው አውጡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቅርንጫፍ ላይ ይሰጣ፤ ደረቅ ቢመስልም። ዝናብ ከሆነ ጭመቁት፣ በጨርቅ ጠቅልሉና ርገጡት፣ ሸራው ሥር አንጠልጥሉት። እርጥብ ስፖንጅ ጠቅልሎ ቤት ማስቀመጥ በሳምንቱ ሻጋታ ያመጣል፤ ከከመነዳሪው ተፈትቶ፣ ሳይጠቀለል፣ አልጋ ሥር ተዘርግቶ ይቀመጥ።